«ሲጋራውን ተው፣ ራስ ምታቱም ይተውሃል» ላሉን ሰው

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ተልኮልኛል። አንዷ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ናት። አንዱ እዚሁ ሜሪላንድ አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛው ሲጋራ ማቆሜን እንኳ ያልሰማ የሩቅ ዘመድ። ሦስቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ «አንብበው፣ ስላንተ ነው የተጻፈው።»

አነበብኩት። እውነትም ስለኔ ነው። ጸሐፊው ክላስተር ስለሚባለው ራስ ምታትና ስለ ሲጋራ ነው የጻፉት፤ በቅንነት እንደጻፉትም ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ክላስተርን የሚያመጣው ሲጋራ ነው፤ ሲጋራ ያቆመ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ይገላገለዋል፤ ማቆም የወኔ ጉዳይ ስለሆነ በኒኮቲን ፓችና ማስቲካ መድከም ከንቱ ነው፤ ባቆምክ ሰሞን የሚይዝህ ራስ ምታት ክላስተሩ ከሰውነትህ እየወጣ ስለሆነ ቻለው፤ ሀራራውን ቡና ያስታግሰዋል፤ አልሆን ካለህም ሺሻ ይሻላል፤ ኦክስጅን የሚሉት ነገር ደግሞ ሌላ ሱስ ነውና አትልመደው።

ከነዚህ አንዱ ግማሽ እውነት አለው። የቀሩት ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐኪም አይደለሁም። ራስ ምታቱ ከያዘኝ 20 ዓመት አልፎታል፣ ከ20 ዓመት በላይ አጭሻለሁ፣ ካቆምኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምናገረው ከዚህ ነው፣ ካነበብኩትና ሐኪሜን እየነዘነዝኩ ከጠየቅኩት ጋር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ክላስተር ማይግሬን አይደለም፣ ሳይነስም አይደለም። ባንድ በኩል ብቻ፣ ዓይን ዙሪያና ጆሮ ግንድ ላይ ነው የሚነሳው። ዓይንህ ይቀላል፣ ያነባል፣ በዚያው በኩል አፍንጫህ ይታፈናል ወይ ይፈሳል፣ የዓይንህ ቆብ ወረድ ይላል። አንዴ ከተነሳ ከ15 ደቂቃ እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ በቀን እስከ ስምንት ጊዜ ሊመላለስም ይችላል። ማይግሬን የያዘው ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ክላስተር የያዘው ሰው መቀመጥ አይችልም፤ ይንጎራደዳል፣ ይወዛወዛል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል። የኔ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፣ እንደ ደወል። ከሺህ ሰው አንዱን ገደማ ስለሚይዝ አብዛኛው ሰው ሲያልፍም አይቶት አያውቅም። እኔ ስሙን እስካውቅ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመሃሉ ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ተነቅለውልኛል፣ ለሳይነስ ተብሎ የዋጥኩትን አንቲባዮቲክ እግዜር ይቁጠረው፣ እማዬ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጥታኛለች። (ከሁሉም የእማዬ ይሻላል፣ ቢያንስ ጥርሴን አልወሰደችም።)

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለው፦ ሰሞን። ብዙዎቻችን ላይ ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። ከጥቂት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ በየቀኑ ያሰቃይህና አንድ ቀን ሳይሰናበት ይሄዳል። ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ሰላም ነው። ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ይህን እረፍት አያገኙም፣ እነሱን ፈጣሪ ይርዳቸው። ይህን «ሰሞን» የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ የጸሐፊው ትልቁ ስህተት ያለው እሱ ጋ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«የሚያመጣው ሲጋራ ነው» የሚሉት፣ ግማሽ እውነት ያልኩት ይሄን ነው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ የነበሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ታማሚዎች በተጠየቁበት ጥናት ከ10 ሰው 7ቱ ገደማ የማጨስ ታሪክ ነበራቸው። እኔ ለብዙ ዓመት «ዝም ብሎ አብሮ የተገኘ ነው» እያልኩ እከራከር ነበር፤ ያው አጫሽ ለሲጋራው ጥብቅና ሲቆም ማን ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ የዘረመል ጥናት ግን አፌን አስያዘኝ። ማጨስ አብሮ የተገኘ ብቻ ሳይሆን ራሱ ከመንስኤዎቹ አንዱ እንደሚመስል ነው ያሳየው። እሺ፣ እዚህ ላይ ለጸሐፊው እጄን ሰጥቻለሁ።

ግን «ሲጋራ አለበት» ማለትና «ሲጋራ ነው» ማለት ለየቅል ነው። ያው ጥናት በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለበትም አሳይቷል። ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሕመሙ በተነሳባቸው ሰዎች አንጎል ላይ ስካን ያደረጉ ተመራማሪዎች ሃይፖታላመስ አካባቢ፣ የሰውነታችን ሰዓት ያለበት ቦታ ማለት ነው፣ ሲሠራ አይተውታል። አንድም ቀን አጭሰው የማያውቁ ታማሚዎች አሉ፣ ሕፃናትም አሉ። ይህን መዘንጋት ጉዳት አለው። ሲጋራ በአፏ ያልዞረ ሴት ዓይኗን ይዛ ሐኪም ቤት ብትሄድና ሐኪሙ የጸሐፊውን ጽሑፍ አንብቦ ቢሆን «አታጨሺም? እንግዲያው ሳይነስ ነው» ብሎ ነው የሚሸኛት። ቀጥሎ ጥርስ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው ደሜ የፈላው። «ባቆምክ በሦስት ወር ውስጥ ትገላገለዋለህ» ይላሉ።

የመጀመሪያ ማቆሜን ላጫውታችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ሰሞኑ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ እኔ እንቅልፍ ከተኛሁ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። አንድ ሌሊት ሕመሙ ሲለቀኝ የቀረኝን ግማሽ ፓኮ ሽንት ቤት ከትቼ ውሃ ለቀቅኩበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራስ ምታቱ ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ፣ ድራሹ ጠፋ። ገና መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ ክረምቱ አለፈ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ «ሲጋራ ነበር እኮ! ይሄን ሁሉ ዓመት ሲጋራ ነበር የገደለኝ!» እላለሁ። ሰዉ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሮ ነበር። መስቀል አለፈ። ጥቅምት ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ግራ ዓይኔ። ያው ዓይን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሳምንት።

ሲለቀኝ ምን አደረግኩ? መኪናዬን አስነስቼ ነዳጅ ማደያ ሄጄ ሲጋራ ገዛሁ። ሀራራ አልነበረም፣ ሀራራው ከሄደ ቆይቷል። ንዴት ነው። «ታዲያ ለምን ተውኩት?» ነው ያልኩት። ሌላ አራት ዓመት አጨስኩ።

አያችሁ፣ ያኔ ሕመሙን ያቆመው ሲጋራ መተዌ አልነበረም። ሰሞኑ አለቀ። በሰባተኛው ሳምንት ላይ ሲጋራ ብተው ይጠፋል፣ ጸጉሬን ብላጭም ይጠፋል፣ ቤት ብቀይርም ይጠፋል። ጸሐፊው አቁመው የዳኑ ሁለት ሰዎች እንደሚያውቁ ነግረውናል። ደስ ይላል፤ ግን ሰዎቹ ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ድሮ በየስንት ጊዜው ነበር የሚመጣባቸው? በሁለት ዓመት አንዴ የሚነሳበት ሰው ሲጋራ ከተወ ዓመት ሞልቶት «ዳንኩ» ቢል እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ደግሞ ሰው ማቆም የሚያምረው ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ነው፤ ከጠናበት በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቅለሉ አይቀርም። ስለዚህ አጋጣሚው ሁሌም ለ«ሦስት ወር» ያደላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጣሊያን ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሰሞን ያለውን ዓይነት ክላስተር ያለባቸውን ሰዎች የጠየቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ማቆም የሕመሙን አካሄድ የለወጠው አይመስልም የሚል ነው ያገኙት። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብዙ የሚያጨሱ ሰዎች ላይ ሕመሙ ይበረታል የሚሉ ሌሎች ጥናቶችም አሉ፣ ካቆምኩ ወዲህ ቀለለልኝ የሚሉ ሰዎችንም በግል አውቃለሁ። ቢቀልልህ እሰየው ነው። ግን አስቀድሞ ቃል የሚገባ ነገር አይደለም። ቤቱን ያቃጠለውን ክብሪት ብትጥለው እሳቱ አይጠፋም።

«ታዲያ የማይተወኝ ከሆነ ለምን አቆማለሁ?» የሚለኝ አለ፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም ብያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ሐኪሜ ጋ ነው። ለኛ ከሚሠሩት መድኃኒቶች አንዱ ሱማትሪፕታን የሚባል መርፌ ነው፤ 6 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ትወጋለህ፣ ብዙዎቻችን ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያበርደዋል። የሚሠራበት አንዱ መንገድ የደም ሥርን ማጥበብ ነው። ስለዚህ የልብ ደም ሥሩ የታመመ ወይም ስትሮክ የመታው ሰው አይሰጠውም። ሲጋራ ደግሞ የሰውን ልብና የደም ሥር ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። ገባችሁ? በ50 ዓመቴ ልቤ ቢታመም ራስ ምታቱ አይተወኝም፣ የሚተወኝ መድኃኒቱ ነው። ሰሞኑን ለመከላከል የምወስደው ቬራፓሚልም የልብን ምት ስለሚነካ መጠኑ በጨመረ ቁጥር በኢሲጂ፣ በልብ ምት መመርመሪያው ማለቴ ነው፣ ታይቼ ነው የምቀጥለው። ሐኪሜ «ይህ ሁሉ ሕክምናህ የቆመው ልብህ ላይ ነው» ስትለኝ ሁለተኛውን ማቆሜን ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሲጋራ ባቆምክ በዓመቱ በማጨስህ የመጣው የልብ ሕመም ስጋት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይሄ ሰሞን መጣ አልመጣ የማይለወጥ ነገር ነው። ስለዚህ ጥቅምት ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ የምናደድበት ምክንያት የለኝም፤ ማለቴ በሲጋራው አልናደድም፣ በሌላው እናደዳለሁ።

ወደ ወኔው እንሂድ። ወኔ ጥሩ ነው። ግን ያለምንም እገዛ፣ በወኔ ብቻ ካቆሙ መቶ ሰዎች ውስጥ ከግማሽ ዓመት እስከ ዓመት ሳያገረሽባቸው የሚዘልቁት ከሦስት እስከ አምስት ቢሆኑ ነው። ዘጠና አምስቱ ሁሉ ወኔ ቢስ ነው? ፓችና ማስቲካ የማቆም ዕድልህን በግማሽ ያህል ይጨምሩልሃል። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉትን ሲጋራ ማስተዊያ እንክብሎች ደግሞ በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ለሰነፍ አዝኖ አይደለም። «ፓቹም ያው ኒኮቲን ነው» ይላሉ ጸሐፊው። አዎ ነው። ኒኮቲን ባሪያ ያደርግሃል፣ የሚገድልህ ግን ጭሱ ነው።

ክላስተር ላለበት ሰው ግን ጸሐፊው ያልነገሩን ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። ፓች ለጥፈህ ስትተኛ እንቅልፍህ ሊረበሽ፣ እንግዳ ሕልም ልታይ ትችላለህ፤ የኛ ሕመም ደግሞ ከእንቅልፍ ጋር ነው ጠቡ። እኔ ሐኪሜን አማክሬ ማታ እየላጥኩት ነው የተኛሁት። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የማስነሳት ስጋት አለው፣ ስጋቱን ከሚጨምሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ብዙዎቻችን በሰሞኑ መጀመሪያ ላይ የምንወስደው ፕሬድኒሶን የሚባል ስቴሮይድ ነው። ስለዚህ ሲጋራ ለማስቆም የሚያክምህ ሐኪምና የራስ ምታት ሐኪምህ አንዱ የሌላውን መድኃኒት ይወቅ። ማስቲካውን ደግሞ እንደ ባናና ማስቲካ አታመንዥገው። ቀስ እያልክ ጥቂት ጊዜ ታኝክና አፍህን ወረር ሲያደርግህ ጉንጭህ ሥር ታስቀምጠዋለህ።

መቼ ነው የሚቆመው? ብትችል ሰሞኑ ባለፈ ጊዜ። በእንቅልፍ እጦት ላይ፣ በፕሬድኒሶን ነጭናጫነት ላይ ሀራራ ጨምረህ ማን ይችልሃል? ሚስትህም አትችልህ። እረፍት የሌለው ዓይነት ከሆነብህ ግን ጥሩ ቀን አትጠብቅ፣ አይመጣም።

እዚህ ጋ ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ሁሉ ገጽ ስለ ሲጋራ ጽፈው ስለ መጠጥ አንድ መስመር የሌለው ለምንድን ነው? በሰሞኑ ውስጥ ሕመሙን በመቀስቀስ የሚታወቀው እኮ መጠጥ ነው። ብዙዎቻችን ላይ አንድ ቢራ ትበቃለች፣ ሰዓት እንኳ አትፈጅም። እኔ ማጨስ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ በርጫ ላይ ነው፤ ከሱቅ በነጠላ እየተገዛ። የበርጫ ሲጋራ ደግሞ መጨረሻው ጨብሲ ነው። ምርቃናውን ለማውረድ ሁለት ሦስት ቢራ፣ ከዚያ ሌሊት ዓይንህን ይዘህ ግድግዳ። እና ጠዋት ላይ የምንወቅሰው ጫቱን ነበር። ሲጋራ አቁሞ ጨብሲውን የያዘ ሰው በሰሞኑ ምንም እረፍት አያይም፤ ከዚያም «ሲጋራ ማቆም አልጠቀመኝም» ይላል። ሁለት ስኒ ጠላ ምን ታመጣለች አትበሉኝ። ታመጣለች።

«ባቆምክ ሰሞን የሚይዝህ ራስ ምታት ክላስተሩ እየወጣ ነው» የሚለው ደግሞ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ክላስተር እንደ ላብ አይወጣም። ሲጋራ ስትተው የሚይዝህ ራስ ምታት ሌላ ነው። ድፍን ያለ፣ ሁለቱንም በኩል ጨምቆ የሚይዝ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ፣ ግን ተቀምጠህ ወሬ እያወራህ ልትችለው የምትችል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቅሃል። ክላስተር ዓይንህን ያስለቅሳል፣ አፍንጫህን ይዘጋል፣ ባንድ ወገን ነው፣ ተነሥቶ ይወርዳል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተራውን የሀራራ ራስ ምታት ክላስተር ነው ብሎ መርፌ የሚወጋ አለ፣ እውነተኛውን ክላስተር «እየወጣ ነው፣ ልቻለው» ብሎ ያለመድኃኒት የሚሰቃይም አለ። ይሄኛው ያሳስበኛል። ሕመሙ በጠናበት ሌሊት ሞትን መመኘት በኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። እንደዚያ ዓይነት ሐሳብ ከመጣብህ ብቻህን አትቻለው፤ የምታምነውን ሰው ቀስቅሰው፣ ወይ ኢመርጀንሲ ሂድ።

አሁን ቡና። ጸሐፊው ሀራራውን በቡና አስታግሱ ሲሉ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። እኔም ቡና ጠላት ነው አልልም፣ ቡና ጠላት ነው የሚል ሐበሻ እናቱ አታስገባውም። ግን አንድ ነገር አለ፤ እኔም እስኪነገረኝ አላውቀውም ነበር። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ሲጋራ ስታቆም ጉበትህ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ተፈጥሮው ይመለስና ያው የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ ድሮ ከሚቆየው ብዙ ይቆያል። ይህ የኒኮቲኑ ሥራ አይደለም፣ የጭሱ ነው፣ ስለዚህ ፓች ብትለጥፍም ያው ነው። ውጤቱስ? እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ልብህ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ትነጫነጫለህ። አንተ ደግሞ «ሀራራ ነው» ብለህ ሌላ ስኒ ትጠጣለህ! ሁለተኛውን ማቆሜን በአሥረኛው ቀን ሊያስጥለኝ የነበረው ይሄ ነው። አሁን አቦልና ቶና ይበቃኛል። በረካውን ለጎረቤት ትቻለሁ፣ ከሰዓት በኋላም አልነካም። ኒኮቲን ማስቲካ የምታኝክም ከሆነ ቡና ከጠጣህ 15 ደቂቃ ያህል ቆይ፤ ቡና አፍህ ውስጥ ካለ ኒኮቲኑ ደህና አድርጎ አይገባም።

አንድ ደግሞ ከልምድ። ብዙ ሰው ሲጋራውን የሚያጨሰው ከስኒው ጋር ነው። እኔን የፈተነኝ ቡናው ሲፈላ የነበረው እጄ ነው፤ ምን እንደሚይዝ አያውቅም። ቆሎ ያዝኩለት። አራት ኪሎ ጨመርኩ፣ ምንም አይደል።

ስለ ሺሻ ብዙ አልልም። ሺሻ ትንባሆ ነው፣ ውሃ ውስጥ ማለፉ አያጥበውም፣ ከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። አንድ ሰዓት ተቀምጠህ የምትስበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጋር አይወዳደርም። ኢትዮጵያ ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ይበቃል።

የመጨረሻው ኦክስጅን ነው። «ሌላ ሱስ ነው» ይላሉ። ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ክላስተር የያዘው ሰው አጠገብ ቁጭ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። ንጹሕ ኦክስጅን፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ ከረጢት ባለው፣ የተነፈስከውን መልሶ በማያስገባው ማስክ፣ ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ኦክስጅን የሳቡት ላይ ከመቶ በ78ቱ ጊዜ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሕመሙ ጠፍቷል ወይም በቂ እፎይታ ተገኝቷል፤ ተራ አየር በተሰጣቸው ላይ ግን በ20ው ብቻ። አያሰክርም፣ ልብን እንደ መርፌው አያስጨንቅም፣ ሲጠቅምህ ብቻ ነው የምትፈልገው። ሰሞኑ ሲያልፍ ሲሊንደሩ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ አንድም ቀን አምሮኝ አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለክላስተር የቤት ኦክስጅን እንዳይከፍል ያገደውን ደንብ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ሰዉ ይህን ለማግኘት ስንት እንደለፋ አስቡት። እና አንድ ሰው ተነሥቶ «አትልመደው» ይላል።

እውነተኛውን አደጋ ግን ጸሐፊው አልጠቀሱትም፤ እሳትን ማለቴ ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ሌላውን ግን ያነደዋል፤ ልብስህ፣ ብርድ ልብስህ፣ ጸጉርህ ኦክስጅን ጠጥቶ ይቆያል። ሕመሙ ለቆህ፣ ማስኩን አውልቀህ፣ እጅህ በልማድ ላይተር ጋ ሲሄድ ያኔ ነው ፊትህ የሚቃጠለው። የኤሌክትሪክ ሲጋራም ያው ነው። እያጨስኩ በነበረበት ዘመን ይህን አውቄ እንኳ አንድ ሌሊት ላይተሩን አንስቼ አውራ ጣቴ ጎማው ላይ ስታርፍ ባለቤቴ ጮኸችብኝ። አሁንም ያቺ ጩኸቷ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ገና ያላቆምክ ከሆነ ሲሊንደሩን ዝጋ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ውጣ፤ ቤት ውስጥ ግን በጭራሽ።

ለኛ ቤት ደግሞ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ሲሊንደር አይቀመጥም፤ ከሰል አለ፣ እጣን አለ። ጧፍም ሻማም ይራቅ። ፊትህን ቫዝሊን ተቀብተህ፣ ጸጉርሽን ቅቤ ተቀብተሽ ማስክ አታድርጉ፤ ቅባትና ኦክስጅን አይስማሙም። ማስተካከያውን በቅባት እጅ አትንኩ። ሲሊንደሩም እንዳይወድቅ ይታሰር። እማዬ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ ስትመጣ «ይሄ ቦምብ ምንድን ነው?» ብላ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። ነጠላውን አንስቼ እጣኗን ወደ ማዶ ክፍል አዛወርኩ፤ ትንሽ አኮረፈች። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ግን ማስኩን ይዛ አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ናት፣ እያማተበች።

ዘንድሮም ጥቅምት እየደረሰ ነው። ለእህቴ ይህን ሁሉ በድምፅ ልኬላት «በጣም ረጅም ነው» ብላኛለች። ኦክስጅን አከፋፋዩ ጋ ትናንት ደውዬ ሁለት ትልልቅ ሲሊንደር አዘዝኩ። ማክሰኞ ያመጡታል።